ስለ ኮንሶል ገመድ ግዢ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



ልጆቻችን የኔትወርክ ሥራ ለሚለማመዱበት ሰርቪስ ክፍል የኮንሶል ዕቃ እንዲገዛ ባለፈው ስብሰባ መወሰናችን ይታወሳል። ምን ዓይነት ይገዛ በሚለው ግን ስላልተስማማን ጉዳዩን አጣርቼ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። እንደምታውቁኝ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። የምናገረው ከልጆቹ አጠገብ ተቀምጬ ያየሁትንና ገንዘብ አክስሬ የተማርኩትን ነው።

ኮንሶል ደግሞ ምንድነው ለምትሉ ባጭሩ ላስረዳ። ልጆቹ የሚሠሩባቸው ሦስት ራውተሮችና ሦስት ስዊቾች መሥሪያ ቤት ተጠቅሞባቸው የተሸጡ አሮጌ የሲስኮ ዕቃዎች ናቸው። ስክሪንም ኪቦርድም የላቸውም። በኔትወርክ እንዳይገባባቸው አስቀድሞ አድራሻ ሊሰጣቸው ያስፈልጋል። ታዲያ አድራሻውን የሚሰጠው ማነው? በኮንሶል ቀዳዳ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኛቸው ሰው ነው። ልጁ ተሳስቶ መግቢያውን በገዛ እጁ ቢዘጋም ተመልሶ የሚገባው በዚያው ነው።

ባለፈው ዓመት የመጀመሪያውን ገመድ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔው ነው። ርካሹን ሰማያዊ ጠፍጣፋ ገመድ ይዤ መጣሁ። አንዱ ጫፍ ለራውተሩ ልክ ነው፤ ሌላው ጫፍ ግን ባለ ዘጠኝ ቀዳዳው የድሮ ሲሪያል ሆነ። በላፕቶፖቻችን ላይ ይህን የሚቀበል ቦታ የለም። ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ማገናኛ ከሌላ ሱቅ ጨመርኩ። ብንሰካው ላፕቶፑ ቢጫ ምልክት አውጥቶ እምቢ አለ። ለካ በውስጡ ያለው ቺፕ አስመስለው የሠሩት ኖሮ የዋናው አምራች ድራይቨር አልቀበልም ብሎት ነው። ሁለት ጊዜ ከፍለን አንድም ቀን አልሠራንበትም።

እዚህ ላይ በደንብ አዳምጡኝ። ገመዱ ከውጭ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው ቺፑ ላይ ነው። ኤፍቲዲአይ፣ ፕሮሊፊክ፣ ሲኤች340 የሚባሉ አሉ። ኤፍቲዲአይ በባለሙያዎች ዘንድ የተመሰገነ ነው፤ አስመሳዩ ግን ብዙ ነው። እንዲያውም በ2014 እ.ኤ.አ. ኩባንያው በዊንዶውስ በኩል ያወጣው ድራይቨር አስመሳዮቹን ቺፖች ከሥራ ውጭ አድርጓቸው፣ ተጠቃሚው ቢጮህ ድራይቨሩ ተመልሶ ተነሥቷል። ሲኤች340 ርካሽ ነው፤ ለተራ ሥራም ይበቃል። ነገር ግን አንዳንዱ ርካሽ ገመድ «ብሬክ» የተባለውን ምልክት በትክክል አይልክም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ! አሮጌ ራውተር ስንገዛ የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል ተቆልፎበት ሊመጣ ይችላል። መክፈቻው ራውተሩ እንደተነሣ በመጀመሪያዎቹ 60 ሴኮንዶች ውስጥ ብሬክ መላክ ነው። ገመዱ ብሬክ ካልላከ ራውተሩ የጠረጴዛ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ስለሆነም ከሱቅ ሳይወጣ መፈተን አለበት። ላፕቶፕና አንድ ራውተር ይዞ መሄድ ነው። ፍጥነቱን 9600 አድርጎ፣ የፍሰት መቆጣጠሪያውን ዘግቶ፣ ኢንተር ሲጫኑ ጽሑፉ በንጹህ ከወጣ ጥሩ ነው። ቀጥሎ ራውተሩን አጥፍቶ አብርቶ ብሬክ መላክ። ራውተር መሸከም የሰነፈ ሰው ባለ ዘጠኝ እግሩን ማገናኛ ሲገዛ 2ኛውንና 3ኛውን እግር በሽቦ ቁራጭ ያገናኝና ፊደል ይጻፍ፤ የጻፈው ተመልሶ ስክሪኑ ላይ ከታየ ማገናኛው ይልካል፣ ይቀበላልም። ባለ ሱቁ ቅር ቢለውም ይለው።

አሁን ወደ ትልቁ ሣጥን ልምጣ። ከኮሚቴው ውስጥ ሲስኮ 2511 የተባለው ይገዛ ያላችሁ አላችሁ። እውነት ነው፣ 16 መስመር አለው፤ ተቀምጠው ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው መዝለል ይቻላል። ነገር ግን ገመዶቹ፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ስምንት ራስ ያላቸው ሁለት ገመዶች፣ ለብቻቸው ይገዛሉ። ከዛሬ ኔትወርክ ጋር ለማገናኘትም ተጨማሪ መቀየሪያ ይፈልጋል። ዕቃው ያረጀ ነው፤ መብራትም ይበላል፤ የክፍሉን ኪራይ በነጻ የሰጡን እናት ደግሞ የመብራት ቆጣሪያቸውን ያያሉ። ስድስት ዕቃ ይዘን 16 መስመር ምን ይሠራልናል?

የእኔ ሐሳብ የሚከተለው ነው። በአንድ በኩል ዩኤስቢ፣ በሌላው በኩል የራውተር መሰኪያ ያላቸው ሁለት ጥሩ ገመዶች አሁን ይገዙ፤ ልጆቹ እየነቀሉ ይሰኩ። ዕቃው ሲበዛ ገመድ እየጨመርን በዩኤስቢ ማከፋፈያ በኩል በስጦታ ባገኘነው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ እንሰካቸዋለን፤ ያኔ አንድ ልጅ በአንድ ስክሪን ሁሉንም ያያል። አዲስ ዓይነት ራውተር ቢመጣ ደግሞ አንዳንዱ ሚኒ ዩኤስቢ የሆነ ኮንሶል ስላለው ተራው የካሜራ ገመድ ይበቃዋል፤ በዊንዶውስ ላይ ድራይቨሩን መጫን ግን አይረሳ።

ያ ሰማያዊው የመጀመሪያ ገመድም አይጣል። ደህና ማገናኛ ካገኘን ይሠራል።

ሐሳቡን የሚቃወም እስከ ዓርብ ድረስ ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቅ። ቅዳሜ ጠዋት ለግዢ ስንሄድ ከልጆቹ አንዲቱ ላፕቶፑን ይዛ አብራኝ ትመጣለች፤ ራውተሩን የምሸከመው እኔ ነኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ