ከሱስ ለሚወጡ ተማሪዎች ቤት ስለ መክፈት
(በሠፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከየአገሩ ዳር የመጡ ልጆች ጎረቤቶቻችን ሆነዋል። ስለ ሱሳቸው ሲወራ እንሰማለን። መንገዱ እንዲህ ነው፤ ልጁ ለፈተና ልንቃ ብሎ ጫት ይይዛል። ሲመሽ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ብሎ አረቄ ይጠጣል። በማግሥቱ ድካሙን ለማባረር እንደገና ጫት። ታዲያ አንዱን ብቻ ተው ቢሉት እንዴት ይሆንለታል?

ልተው ብሎ የቆረጠውን የሚፈትነው ከሰዓት በኋላ ነው። ጓደኞቹ በርጫ ላይ ናቸው፤ እሱ ብቻውን ክፍሉ ይቀመጣል፣ ወይ ይመለሳል። ስለዚህ የተወ ከተወ ጋር መገናኘት አለበት። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አክሮን ከተማ መጠጥ ያሸነፋቸው አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም እርስ በርስ በመነጋገር የጀመሩት ነገር ዛሬ በብዙ አገር ተዛምቷል። እኛስ በእድራችን ኀዘንተኛን ብቻውን እንተወዋለን እንዴ?

የምንጠይቀው ይኸው ነው፦ የእድሩ ቤት ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ጀምሮ ይለቀቅላቸው። ቡና እናፍላ፣ ቆሎ ይበቃል። ስም አይመዝገብ፤ ስብከትም ይቅር፤ የተነገረው ከደጅ አይውጣ። ተመልሶ የቀመሰም አይባረር፤ ይበልጥ መምጣት ያለበት ያን ቀን ነውና። መሸታ ቤት ያላችሁም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ መጠጥ መሸጥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መከልከሉን አትርሱ።

አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ፦ በየቀኑ ይጠጣ የነበረ ሰው ባንዴ አቁሞ ከተንቀጠቀጠ፣ ከቃዠ ወይም ራሱን ስቶ ከወደቀ ቡናም ምክርም አይበጀውም። በዚያው ሌሊት ኦቶና ሆስፒታል ይድረስ። መኪና ያላችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ።