ጠጪውም ባለቤቱም አንድ ሲሆን፤ የቀበሌ ክበብ አስተዳደር በቂርቆስና በካዛንቺስ




በሒሳብና በአስተዳደር ባለሙያዎች ጉባኤ ላይ ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ባንክና ስለ ታላላቅ ድርጅቶች ብዙ ተነግሯል። ስለ ቀበሌ ክበብ የተነገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ቢራ የሚቀዳበት ቤት ምን አስተዳደር ያሻዋል የሚል አይጠፋምና ርእሱ ሳይናቅ አልቀረም። ይሁን እንጂ የሕዝብ ንብረት የሆነን መጠጥ ቤት የሚመራ ሰው ሌላው ነጋዴ ከማያውቀው ችግር ላይ ይወድቃል። ብዙ ከሸጠ ሥራውን በሚገባ ፈጸመ ይባላል፤ ብዙ በሸጠ ቁጥር ደግሞ የአሠሪውን፣ ይኸውም የሰፈሩን ነዋሪ፣ ኪስና ጤና ይነካል። የግል ግሮሰሪ ባለቤት ይህ ጉዳይ እንቅልፍ አይነሣውም። ክበቡን የሚመራው ሰው ግን ሊያስብበት ግድ ነው፤ ጠጪውም ባለቤቱም አንድ ሰው ነውና።

ቤቱ እንዴት የሕዝብ እንደ ሆነ ማስታወስ ይገባል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው የጣልያን ድርጅት ነው፤ ስለዚህ ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ የመንግሥት ቤት ታሪክ አለበት። የቀበሌው ታሪክ ግን የሚጀምረው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ ከወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር እጅ ገቡ፤ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የአነስተኛዎቹ ቤቶች ኪራይም በአዋጁ እንዲቀንስ ተደረገ። ለተከራዩ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የቀበሌው ካዝና ግን ከመነሻው ሳሳ። ጣሪያ ማደስ፣ ቦይ መጥረግና የጋራ መጸዳጃ ቤት ማሠራት ያለበት ማኅበር ሌላ ገቢ መፈለጉ አይቀርም። የኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና ያከፋፍል ነበር እንጂ እምብዛም አያተርፍም። ትርፍ የሚገኘው ከክበቡ ነበር።

በዚያ ዘመን ሰንሰለቱ ሁሉ የሕዝብ ነበር ማለት ይቻላል። በ1915 ዓ.ም. የተቋቋመው ቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ፣ ሜታ አቦና አዋሽ ወይን ጠጅ የመንግሥት ነበሩ፤ ቀጂው የቀበሌው ሠራተኛ፣ ጠጪው የቀበሌው አባል ነበር። ክበቡ የቤት ኪራይ የማያስጨንቀውና ብዙ ትርፍ የማይጠበቅበት በመሆኑ ዋጋው ከአካባቢው ግሮሰሪዎች ዝቅ ይል ነበር። (አዲስ አበባ «ግሮሰሪ» ስትል የሩዝና የዘይት ሱቅ ማለቷ እንዳልሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም።) ከረንቡላው፣ ዳማውና ጥብሱ ተጨምረውበት ክበቡ ደመወዙ ትንሽ ለሆነው ሰው መዋያ ሆነ።

አስተዳደሩ የሚፈተነው በመለኪያው ላይ ነው። ለመንግሥት ንብረት የተሠሩት ቅጾች፣ ሞዴል 19 ለገቢ፣ ሞዴል 20 ለመጠየቂያ፣ ሞዴል 22 ለወጪ፣ ለወንበርና ለጠረጴዛ የማይታሙ መቆጣጠሪያዎች ናቸው። ለሚቀዳ ነገር ግን አይበቁም። 24 ጠርሙስ የያዘ አንድ ሳጥን ቢራ ከግምጃ ቤት ሲወጣ 24 ጠርሙስ ነው፤ ማታ 24 ጠርሙስ ዋጋና 24 ባዶ ጠርሙስ መመለስ አለበት። እዚህ ላይ ሒሳቡ ግልጽ ነው። 75 ሴንቲ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ጂን በ5 ሴንቲ ሊትር መለኪያ ሲቀዳ 15 መለኪያ ይወጣዋል። ቀጂው ለወዳጆቹ እጁን ዘርግቶ 6 ሴንቲ ሊትር ቢቀዳ ግን 12 መለኪያ ተኩል ብቻ ይሆናል። ከአንድ ጠርሙስ ሁለት መለኪያ ተኩል ጠፋ፤ በሰነድ ላይ ግን ጠርሙሱ በደንብ ወጥቶ በደንብ አልቋል።

ድራፍት ከዚህም ይብሳል። 50 ሊትር ከሚይዝ በርሜል በ33 ሴንቲ ሊትር ብርጭቆ በሒሳብ 151 ብርጭቆ ይገኛል። በርሜሉ በሚገባ ካልቀዘቀዘ፣ ግፊቱ ካልተስተካከለ ወይም ቧንቧው ካልታጠበ አረፋው ይበዛል፤ ከአሥር እጅ አንዱ በአረፋ ቢፈስ ብርጭቆው ወደ 136 ይወርዳል። የጎደለውን 15 ብርጭቆ ቀጂው ይክፈል ማለት ግፍ ነው፤ ምንጊዜም አረፋ ነው ብሎ ማለፍም ለሌባ በር መክፈት ነው። ደግሞ አረፋ ሁለት ጌታ አለው። ወደ ባልዲ ሲፈስ ክበቡን ይጎዳል፤ በብርጭቆው ውስጥ ሲቀር ደግሞ ጠጪውን። የግል ነጋዴ ሁለተኛውን «ትርፍ» ሊለው ይችላል። በሕዝብ ክበብ ግን ከአባሉ የተሰረቀ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። ስለሆነም ጥሩ ሥራ አስኪያጅ የየበርሜሉን ውጤት በየቀኑ መዝግቦ የራሱን ቤት ልማድ ያውቃል፤ ከልማዱ ሲወጣም መጀመሪያ ማቀዝቀዣውን፣ ቀጥሎ ሰውን ይመረምራል። ቅደም ተከተሉ ቀላል ነገር አይምሰል፤ ሰው ያለ ጥፋቱ ስሙ ከጠፋ በሰፈር ውስጥ አይመለስለትም።

ሁለተኛው ፈተና ዱቤ ነው። ቀን በስብሰባ ላይ የክበቡን በጀት የሚያጸድቀው የኮሚቴ አባል ማታ ባንኮኒው ፊት ይቆማል። «ጻፈው» ሲል ቀጂው ምን ይበል? «ጋሼ፣ የባለፈውም አልተዘጋም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል፤ ዝም ብሎ መጻፍ ደግሞ ደብተሩን ያሳብጠዋል። ቀጂው ብቻውን እምቢ እንዲል መጠበቅ የአስተዳደር ስንፍና ነው። እምቢታው ከቀጂው አፍ ሳይሆን በጠቅላላ ጉባኤ ከጸደቀ ደንብ መምጣት አለበት። ዱቤ ለማንም እንዳይሰጥ፣ ከተሰጠም የባለዕዳው ስም ከነመጠኑ በየወሩ ለጉባኤው እንዲነበብ የሚያዝ ደንብ ካለ ቀጂው ከሀፍረት ይድናል፤ ሹሙም ይጠነቀቃል።

ሌላም ሳይነሣ የማይታለፍ ጉዳይ አለ። በቂርቆስ ውስጥ ለውስጥ መንገዶች ጠላ ጠምቀው፣ አረቄ አውጥተው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ብዙ ናቸው። የቀበሌ ቤት ተከራዮችና የማኅበሩ አባላትም ናቸው። ክበቡ ቢራውን ባረከሰ ቁጥር ከእነርሱ ደጅ ሰው ይቀንሳል። ርካሽ ዋጋ ለአንዱ አባል ጥቅም ሲሆን ለሌላዋ አባል ጉዳት ይሆናል ማለት ነው። ይህ በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ ቦታ የለውም፤ ይሁንና ዋጋ ሲወሰን ጠላ ጠማቂዋ በኮሚቴው ውስጥ ብትኖር ክርክሩ ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

ዘመኑ ሲለወጥ ብዙ ክበቦች ለግለሰብ ተከራዩ። በአስተዳደር በኩል ሲታይ መፍትሔው ያጓጓል፤ ኪራዩ በየወሩ ይገባል፤ አረፋውም ዱቤውም የተከራዩ ጣጣ ይሆናል። ነገር ግን ተከራዩ ኪራዩን ከፍሎ የሚያተርፈው ብዙ ሲሸጥ ብቻ ስለሆነ የክበቡ መሠረታዊ ሐሳብ እዚያው ላይ ያበቃል። የቀረው «ቀበሌ» የሚለው ስምና በጊዜ ብዛት ከግሮሰሪው ጋር የተስተካከለ ዋጋ ነው። ስሙስ ቢሆን ባለቤት ያጣ ነው፤ በ1995 ዓ.ም. ከተማው በ10 ክፍለ ከተማና በቀበሌዎች ተደራጅቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ቀበሌው በወረዳ ሲተካ ሕዝቡ ግን «ቀበሌ» ማለቱን አልተወም።

ከዚህ ላይ የስዊድኗን ከተማ የጎተንበርግን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1865 ከተማዋ የአረቄ መሸጫ ፈቃዶችን ለአንድ ኩባንያ ሰጠች፤ ባለአክሲዮኖቹ የተወሰነ ወለድ ብቻ ያገኛሉ፤ የቀረው ትርፍ ለሕዝብ ይውላል። ብልሃቱ ያለው በሥራ አስኪያጁ አከፋፈል ላይ ነበር። ከአረቄ ሽያጭ አንዳች ድርሻ የለውም፤ ከምግብና ከትኩስ መጠጥ ግን ያተርፋል። ስለዚህ ለጠጪው ሁለተኛ መለኪያ ከሚቀዳለት ይልቅ ሾርባ ቢያቀርብለት ይመርጣል። ደካማ ጎንም አልጠፋውም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ የአረቄውን ገንዘብ ለመደና መተው አቃተው። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት ከተሞችም እ.ኤ.አ. በ1933 ክልከላው ከተነሣ በኋላ የራሳቸውን የመጠጥ መደብር ከፍተው ትርፉን ለከተማው ሥራ ሲያውሉ ይኸው ጥያቄ ይከተላቸዋል፤ መናፈሻው የተሠራው በማን ገንዘብ ነው?

ለቂርቆስ ክበብ የጎተንበርግ አከፋፈል የሚከብድ አልነበረም። ጥብሱ፣ ሻይው፣ የከረንቡላው ጠረጴዛ ነበሩ። የሠራተኛው ጉርሻ ከእነዚህ ብቻ ቢታሰብና የመጠጡ ትርፍ በተለየ ሒሳብ ተይዞ ምን እንደ ተሠራበት በክበቡ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ኖሮ አባሉ ቢራውን ሲጠጣ ቦዩንም እየጠረገ መሆኑን ባየ ነበር። ገንዘቡ ከኪራዩ ጋር ሲደባለቅ ግን ማንም አያየውም። ሕጉም ቢሆን ከበፊቱ ጠብቋል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል። የሰፈሩን ልጅ ከነአባቱ የሚያውቅ የክበብ ቀጂ መታወቂያ ሳይጠይቅ ይህን ማስከበር ይችላል፤ የማያውቀው ተከራይ ግን ይቸግረዋል።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የነባሩ ካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሥፍራዎች ተዛወሩ። ሰፈር ሲነሣ ባለሙያው ሊዘጋው የሚገባ ሒሳብ አለ። ባዶ ሳጥኖች ለፋብሪካ ተመልሰው ማስያዣቸው ይወሰዳል፤ ማቀዝቀዣው ተቆጥሮ ለወረዳው ይተላለፋል፤ የዱቤ ደብተሩም ተደምሮ በርክክብ ሰነዱ ውስጥ ይገባል። የሚያከራክረው በእጅ የቀረው ጥሬ ገንዘብ ነው። ወረዳው በሕግ ተረካቢ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ገንዘቡን ብርጭቆ በብርጭቆ ያጠራቀመው ሰው አሁን ገላን ጉራ የጎረፈ ቦይ ፊት ቆሞ ከሆነ ከተረካቢው ፊርማ ጎን የእርሱም ስም የሚጻፍበት መስመር በሰነዱ ላይ ሊኖር ይገባል፤ ቅጹን የሚያዘጋጁትም እዚህ የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ናቸው።