ስም እስኪወጣለት የሚያልቅ ሕዝብ

(ከአዘጋጁ፦ ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ የአንድ ኮሌጅ ተማሪዎች ባካሄዱት ክርክር ላይ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ የነበረው ተባባሪ ጸሐፊያችን ውጤቱ ከመነገሩ በፊት ያሰማው ንግግር ነው። አለፍ አለፍ ብለን ከማሳጠራችን በቀር እንዳለ አቅርበነዋል።)



በቅድሚያ አንድ ነገር ልናዘዝ። ዳኛ ሁን ተብዬ ስጠራ ሳቄ ነው የመጣው። እኔ ከዚህ ጋዜጣ ወደዚያ ጋዜጣ ጽሑፌን ይዤ የምዞር፣ ዲፕሎማ ያለኝ ሰው ነኝ። ዓለም አቀፍ ሕግ አልተማርኩም። እሺ ያልኩት ክርክር ስለምወድ ነው። መጥቼም አልከፋኝም። «ደጋፊ» እና «ተቃዋሚ» ዕጣ እየተጣለ ሲመደብ በዕድሜዬ ያየሁት ዛሬ ነው! በዚህች አገር ተቃዋሚ መሆን በዕጣ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ሰው ከስንት ጣጣ በዳነ ነበር። (ሳቅ)

የክርክራችሁ ርዕስ «መንግሥት የገዛ ዜጎቹን ሲጨፈጭፍ የውጭ ጦር ጣልቃ መግባት አለበት» የሚል ነው። ሁለታችሁም ወገኖች በምሳሌነት ያነሳችሁት ሩዋንዳን ነው። ደግ አደረጋችሁ። ነገር ግን እኔ ሰዓቴን እያየሁ ነበርና ልንገራችሁ፤ ከተሰጣችሁ 40 ደቂቃ ከግማሽ በላዩን የጨረሳችሁት «ይሄኛው ዘር ማጥፋት ይባላል፤ ያኛው አይባልም» እየተባባላችሁ ነው። ስለ ሟቾቹ የተናገራችሁት ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም።

አይዟችሁ፣ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ አይደለም። ትልልቆቹም ሰዎች ኒውዮርክ ላይ ተቀምጠው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ላውራችሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእልቂቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ጥር 3 ቀን 1986 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1994 መሆኑ ነው) በሩዋንዳ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር አዛዥ የነበሩት ካናዳዊው ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌር ወደ ኒውዮርክ አንድ ፋክስ ላኩ። ከሚሊሺያው ውስጥ ምስጢር የሚያወጣላቸው ሰው አግኝተዋል። ሰውየው መሣሪያ የት እንደተደበቀ፣ በኪጋሊ ያሉ ቱትሲዎች እየተመዘገቡ መሆናቸውን፣ ሚሊሺያዎቹ በ20 ደቂቃ እስከ 1 ሺህ ሰው መግደል እንደሚችሉ ነግሯቸዋል። ጄኔራሉ የተደበቀውን መሣሪያ ልይዝ ነው ብለው አሳወቁ። ከኒውዮርክ የመጣው መልስ ከተሰጠህ ሥልጣን ውጭ ነውና እንዳታደርገው የሚል ነበር። በወቅቱ የሰላም ማስከበር መምሪያው ኃላፊ ኮፊ አናን ነበሩ። ኋላ የድርጅቱ ዋና ጸሐፊ የሆኑት እሳቸው ናቸው።

መጋቢት 28 ቀን ማታ የፕሬዚዳንት ሀብያሪማና አውሮፕላን ኪጋሊ ሊያርፍ ሲል ተመቶ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። በነጋታው 10 የቤልጅግ ወታደሮች ተገደሉ፤ ቤልጅግም ጦሯን ለማስወጣት ወሰነች።

እዚህች ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ኪጋሊ ውስጥ አንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ነበር። የቤልጅግ ወታደሮች ግቢው ውስጥ ሰፍረዋልና ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እነሱን ተማምኖ እዚያ ተጠልሏል። ገዳዮቹ ገጀራቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጭ ይጠባበቃሉ። ሚያዝያ 3 ቀን ወታደሮቹ መኪናቸውን አስነሡ። ሕዝቡ አትተዉን ብሎ መኪናው ፊት እየተኛ ለመነ። እነሱ ግን ወጡ። ያ ሁሉ ሰው፣ ጥቂት ሲቀር፣ አለቀ።

ተቃዋሚዎች «ሉዓላዊነት፣ ሉዓላዊነት» ስትሉ ፊቴ ላይ ድቅን ያለችብኝ ይህቺ ትምህርት ቤት ናት። ለመሆኑ እዚያ የማን ሉዓላዊነት ነው የሚደፈረው? ወታደሮቹ እኮ በመንግሥቱ ፈቃድ ገብተው ግቢው ውስጥ ነበሩ! ደጋፊዎችም ብትሆኑ «ጦር ይግባ» ስትሉ አመሻችሁ እንጂ ይህችን ነገር አላያችኋትም። የዚያን ዕለት ሕዝቡ ግቡልን አላለም። አትውጡ ነው ያለው።

ሚያዝያ 13 ቀን የጸጥታው ምክር ቤት ተሰበሰበና 2 ሺህ 500 ገደማ የነበረው ጦር ወደ 270 እንዲቀነስ በአንድ ድምፅ ወሰነ። እጃቸውን ካወጡት 15 አባላት አንዷ ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? ራሷ ሩዋንዳ! በዚያ ዓመት የምክር ቤቱ ተለዋጭ አባል ስለነበረች የገዳዩ መንግሥት አምባሳደር እዚያው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር። ውሳኔ ሲሰጥ እሳቸውም ድምፅ ይሰጣሉ።

ከዚያ የቃል ጣጣ መጣ። ሚያዝያ 22 ቀን ምክር ቤቱ አንድ መግለጫ አወጣ። የዘር ማጥፋት ወንጀል በስምምነቱ ላይ የተሰጠውን ትርጉም መግለጫው ውስጥ አስገቡት፤ ስሙን ግን ዘለሉት። ባሕርይውን ዘርዝሮ ስሙን መዋጥ ማለት ይህ ነው። ሰኔ 3 ቀን ደግሞ ዋሽንግተን ላይ የውጭ ጉዳይ ቃል አቀባይዋ ክርስቲን ሼሊ «የዘር ማጥፋት ድርጊቶች ተፈጽመዋል» የምትል ነገር ይዘው ወጡ። የሮይተሩ ጋዜጠኛ አለን ኤልስነር ታዲያ ስንት «የዘር ማጥፋት ድርጊት» ሲጠራቀም ነው «ዘር ማጥፋት» የሚሆነው ብሎ ጠየቃቸው። መልስ አልነበራቸውም። እኔ በጋዜጠኝነት እስካሁን ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ይህን የሚያህል አላጋጠመኝም። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ እኛ አገር ለባለሥልጣን የሚያቀርብ ሰው ቢኖር... እሱን እንተወው።

ቃሉን ለምን ፈሩት? እልቂቱ ሊጀምር ስድስት ወር ሲቀረው፣ በመስከረም 1986 ሞቃዲሾ ላይ 18 የአሜሪካ ወታደሮች ተገድለዋል፤ ዳግመኛ የአፍሪካ ጣጣ ውስጥ አንገባም ብለዋል። በ1941 ዓ.ም. የጸደቀው ስምምነት አንቀጽ 1 ደግሞ ፈራሚዎቹ ወንጀሉን ሊከላከሉና ሊቀጡ ግዴታ እንደገቡ ይናገራል። ስም ከወጣለት ግዴታ ይከተላል። ስለዚህ ስሙን ማዘግየት ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ሄግ ያለው ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በየካቲት 1999 ዓ.ም. ስለ ስሬብሬኒትሳ ሲፈርድ የመከላከል ግዴታ የሚጀምረው መንግሥቱ ከባድ አደጋ መኖሩን ካወቀበት፣ ወይም ማወቅ ከነበረበት ሰዓት ጀምሮ ነው ብሏል። ሬሳ ተቆጥሮ ስም እስኪወጣ ጠብቁ የሚል የለበትም።

«270 ሰው ምን ይሠራል?» የሚል ሰው ይኖራል። የጋናው ጄኔራል ሄንሪ አኒዶሆ ወታደሮቻቸውን ይዘው አንወጣም አሉ፤ ከውሳኔው በላይ 450 ያህል ሰው ቀረ። በነሱ ጥበቃ ሥር ሆኖ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተርፏል። አንድ የሴኔጋል ሻምበል ነበሩ፤ ምባይ ዲያኝ ይባላሉ። ታዛቢ ስለሆኑ መሣሪያ አልያዙም። በመኪናቸው ሰው እየደበቁ፣ በየኬላው ሲጋራ እያደሉ፣ እየቀለዱ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው አሳልፈዋል። ግንቦት 23 ቀን ኬላ ላይ በመድፍ ፍንጣሪ ተመተው ሞቱ። ምክር ቤቱ ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2006 ዓ.ም.፣ በስማቸው ኒሻን አቋቋመላቸው።

ግንቦት 9 ቀን 5 ሺህ 500 ጦር እንዲላክ ተወሰነ፤ ግን ማን ይላክ፣ በማን መኪና፣ በማን አውሮፕላን ሲባል ክረምት ገባ። የኛም አገር አንድ ሻለቃ ጦር ሩዋንዳ የደረሰው በነሐሴ ግድም፣ ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። በመቶ ቀን ውስጥ ያለቀውን ሕዝብ ከግማሽ ሚሊዮን እስከ 800 ሺህ የሚያደርሱት አሉ፤ የሩዋንዳ መንግሥት ከሚሊዮን በላይ ነው ይላል።

እንግዲህ ወደ ተቃዋሚዎች ልምጣ። ሦስተኛዋ ተናጋሪ ያነሳሽው የሊቢያ ነገር ደጋፊዎቹን አስደንግጧቸዋል፤ እኔንም አስደንግጦኛል። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ምክር ቤቱ «ሲቪሎችን ለመጠበቅ» ብሎ ፈቀደ፤ ሲቪል ሊጠብቅ የሄደው አውሮፕላን መንግሥት ገልብጦ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሊቢያ ሁለት ሦስት ቦታ ተቦጫጨቀች። በዚያ በኩል ባሕር ሊሻገሩ የሄዱ የኛ ልጆች ምን እንደደረሰባቸው ለእናንተ አልነግርም። ደጋፊዎች ለዚህ መልስ አልነበራችሁም። «ዓላማው ጥሩ ነበር» ብሎ ማለፍ መልስ አይሆንም።

ግን ተቃዋሚዎችም «አፍሪካ የራሷን ችግር ራሷ ትፍታ» ብላችሁ ጭብጨባ አግኝታችሁ ተቀመጣችሁ። የአፍሪካ ኅብረት በ1992 ዓ.ም. በጸደቀው ማቋቋሚያ ሕጉ አንቀጽ 4 ላይ የጦር ወንጀል፣ ዘር ማጥፋትና በሰብዓዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲኖር በአባል አገር ጉዳይ ጣልቃ የመግባት መብት አለኝ ይላል። ወረቀቱ እንዲህ ያምራል። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የኅብረቱ የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ቡሩንዲ ውስጥ 5 ሺህ ጦር እንዲገባ ፈቀደ። የቡሩንዲ መንግሥት እምቢ አለ። በጥር መሪዎቹ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ከዚህ አዳራሽ በታክሲ በምንደርስበት ቦታ ተሰብስበው ነገሩን ተዉት። ማን በማን ላይ ይፈርዳል? ዛሬ እጁን ያወጣ ነገ በሱም ላይ ይወጣበታል።

ስለ ስም ካነሳን የኛኑ ጉድ ልጨምርላችሁ። ኢትዮጵያ የዘር ማጥፋትን ስምምነት ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ከዓለም ቀድማ ያጸደቀች አገር ናት። አሜሪካ እንኳን ያጸደቀችው በ1981 ዓ.ም. ነው። ዓለም አቀፉ ስምምነት የሚጠብቀው በብሔር፣ በጎሣ፣ በዘርና በሃይማኖት የተለየ ቡድንን ነው፤ የፖለቲካ ቡድን የለበትም። የኛ የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ግን አንቀጽ 281 ላይ የፖለቲካ ቡድንንም ጨምሮበት ነበር። የደርግ ባለሥልጣናት በ1999 ዓ.ም. የተፈረደባቸው በዚሁ ነው። እንግዲህ በቀይ ሽብር የተረሸነ አንድ ልጅ በፈረንጆቹ መዝገብ ሲታይ «ዘር ማጥፋት» አይባልም፤ በኛ መዝገብ ይባላል። እናቱ ሬሳውን ስታነሳ የትኛውን መዝገብ ይዛ ነበር?

ደግሞ ስሙ ዱላም ይሆናል። በ1998 ዓ.ም. ከምርጫው ግርግር በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲ መሪዎችና የግል ጋዜጣ አዘጋጆች የዘር ማጥፋት ሙከራ የሚል ክስ ሲቀርብባቸው አይተናል። ክሱ ኋላ ወደቀ፤ ሰዎቹ ግን የታሰሩት ታስረዋል፣ ጋዜጦቹም እንደተዘጉ ቀሩ። በዚያን ሰሞን ብዕር ያነሳ ሁሉ «የሩዋንዳ ሬዲዮ» ይባል ነበር። እኔ ግን የሩዋንዳውን ሬዲዮ አላቃልለውም። ሚል ኮሊን የተባለው ጣቢያ ሕዝቡን «በረሮ» እያለ የሚገደሉ ሰዎችን ስም በአየር ላይ ያነብ ነበር። «ካንጉራ» የምትባል ጋዜጣም ነበረች፤ አዘጋጇ ሐሰን ንጌዜ አሩሻ ላይ በ1996 ዓ.ም. ተፈርዶበት በይግባኝ ቅጣቱ ወደ 35 ዓመት ወርዶለታል። ጋዜጣ ነው የሸጠው፤ እንደኛው። ስለዚህ መንግሥት ሲያስፈራራን እንደምጮኸው ሁሉ ባልደረባዬ ሰውን በጅምላ ሲሰድብም መጮህ ነበረብኝ። ሁልጊዜ ጮኬያለሁ ብዬ አልዋሻችሁም።

አሁን የመጨረሻዋ ነገር። የጥያቄው ሰዓት ላይ ያ ከኋላ የተነሳው ወንድማችን «ሩዋንዳ ምን አስኬደን? የኛስ?» ሲል አዳራሹ እንዴት እንደተለወጠ ሁላችሁም አይታችኋል። ያ በዕጣ ደጋፊና ተቃዋሚ ሆኖ ሲሳሳቅ ያመሸ ልጅ ሁሉ በአንዴ ሌላ ዕጣ ወጣለት። አንዱ የሰሜኑን ጦርነት አነሳ፣ አንዱ ወለጋን፣ አንዱ ሌላ ቦታ። እኔ ማስታወሻ እየያዝኩ ነበር። እያንዳንዱ ለራሱ ሟች ትልቁን ስም ይጠይቃል፤ ለጎረቤቱ ሟች ማስረጃ ይጠይቃል። አሥራ አንድ ሰው ተናገረ። ቀን የጠቀሰ ሁለት ሰው ነው። የሟች ስም የጠራች አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም የአጎቷን ነው፤ ጠርታ አለቀሰች።

ጦርነቱ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ በተፈረመ ስምምነት ቆመ። የተመድ የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት በታኅሣሥ 2014 አንድ አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፤ በመስከረም 2016 ጊዜው ይራዘም ብሎ ሐሳብ የሚያቀርብ አንድም አገር ጠፍቶ ተዘጋ። መዝገቡ ሲዘጋ ያልጮኸ ሰው ዛሬ ስለ ስሙ ይጣላል።

የሚቀጥለውን ክርክር ስታዘጋጁ ዳኛ ባታደርጉኝም አንዲት ሐሳብ ተቀበሉኝ። ስሙን መጨረሻ ላይ አድርጉት። ተናጋሪው መጀመሪያ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የሞተውን ሰው፣ ያዘዘውን ሰው ይናገር፤ ማን ምን ማድረግ ይችል እንደነበር ይንገረን። ደግሞ ዕጣው ይቅር አትበሉ። እንዲያውም የየራሳችሁን አካባቢ ነገር ስታነሱ የጎረቤታችሁን ሟች ጉዳይ የምትከራከሩት እናንተ ሁኑ፤ የናንተን እነሱ ይከራከሩላችሁ። ይከብዳል፤ አውቃለሁ። እኔም ብሆን እንዴት እንደምወጣው እንጃ።

ሰዓት ያዡ እያየኝ ነው፤ ይቅርታ፣ ከተሰጠኝ በላይ ወሰድኩ። ውጤቱ ይኸውላችሁ፦ ሁለት ለአንድ ተቃዋሚዎች አሸንፈዋል። ሊቢያን ያነሳሽው እህታችን ምርጥ ተናጋሪ ተብለሻል፤ በዚህ ሦስታችንም ተስማምተናል። ለደጋፊዎቹ የተሰጠችው አንዷ ድምፅ የኔ ናት። በዚያች ትምህርት ቤት ምክንያት ነው።