ቤት ስንለቅ ግድግዳ ውስጥ የሚቀረው

   

የዛሬውን ርዕስ የሰጡን እዚሁ ጋምቤላ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው። በ1977 ዓ.ም በሰፈራ ከወሎ የመጡ ናቸው። ጥያቄያቸውን በልጃቸው አጽፈው ልከዋል። «ከመነሳታችን በፊት በነበረው ሌሊት የእናቴን የብር ድሪና አሥራ አራት ማርትሬዛ በጨርቅ ጠቀለልኩ። ከጎታው ጀርባ ግድግዳውን ቦርቡሬ ከተትኩትና በጭቃ መረግሁት። ባለቤቴ እንኳ አላየኝም። ዝናቡ ሲመለስ እንመለሳለን ብለን ነበር። ዛሬ በዚያ ቤት ሌላ ሰው ይኖርበታል። ዕቃው የኔ ነው ወይስ የቤቱ ሰው? ዘካውስ አለብኝ? ሳልናገር ብሞት እጠየቅበት ይሆን?» ይላሉ።

ጥያቄው የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። በ1977 እና 78 ዓ.ም ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ምዕራቡና ደቡብ ምዕራቡ የሀገራችን ክፍል የተወሰደው ሕዝብ ስድስት መቶ ሺህ ገደማ እንደነበር ይታወቃል። ከእነዚህ ቤተሰቦች መካከል ጓዙን ሁሉ ይዞ የተነሳ ማን አለ? የሚሸከሙትን ተሸከሙ፤ የማይሸከሙትን ለጎረቤት ሰጡ፤ የሚሳሱለትን ደግሞ ደበቁ። ሰው የሚደብቀው ተስፋ ሲኖረው ነው። አልመለስም ያለ ሰው ድሪውን ይሸጠዋል እንጂ በጭቃ አይመርገውም።

ጋምቤላ ደግሞ ይህን ነገር በሁሉም ወገን አይታዋለች። በግንቦት 1983 ዓ.ም ኢታንግ የነበሩት የሱዳን ስደተኞች በጥቂት ቀናት ውስጥ ካምፑን ጥለው ወደ ድንበሩ ተጓዙ። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ከሰፋሪዎቹም ብዙዎቹ ሁለተኛ ቤታቸውን ጥለው ወደ ወሎ ተመለሱ። ከታኅሣሥ 2006 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ወገኖች በብዛት ገቡ። በዚያው ዓመት ክረምት ከመካከላቸው የሌችዎር ካምፕ ነዋሪዎች መጠለያቸው በጎርፍ ተዋጠና እንደገና ተነሱ። እኛ ሙስሊሞች በክልሉ በ1999 ዓ.ም ቆጠራ መሠረት ከመቶ አምስት የማንሞላ ነን። ቢሆንም ቤት ጥሎ የመሄድን ነገር ከጎረቤቶቻችን እኩል እናውቀዋለን።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንበል። አንዳንድ ወጣቶች እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲሰሙ «ለአንድ ድሪ አርባ ዓመት ማሰብ ዱንያን መውደድ ነው» ይላሉ። እንዲህ ለማለት መቸኮል አይገባም። ከበድር ዘመቻ በኋላ ምርኮኞች በቤዛ ሲለቀቁ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ ዘይነብ (ረ.ዐ) መካ ነበረች። ባሏ አቡል ዓስ ገና አልሰለመም፤ ከምርኮኞቹም አንዱ ነበር። እርሱን ለማስለቀቅ ከገንዘብ ጋር አንድ የአንገት ሐብል ላከች። ሐብሉ እናቷ ኸዲጃ (ረ.ዐ) በሠርጓ ጊዜ የሰጠቻት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐብሉን ሲያዩት አወቁት፤ ልባቸውም በጣም ራራ። ኸዲጃ ከሞተች ዓመታት አልፈው ነበር። ታሪኩን አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ማስታወሻን አይቶ ልብ መራራቱ ሱና ላይ ያለ ነገር ሆነ ማለት ነው። ግን ደግሞ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) «የባለቤቴ ነበር» ብለው ሐብሉን አላነሱትም። ቤዛው የሙስሊሞች ሐቅ ስለነበር ሰሐቦቹን ጠየቁ። መልካም መስሎ ከታያችሁ ምርኮኛዋን ልቀቁላት፣ ንብረቷንም መልሱላት አሉ። እነርሱም እሺ ብለው መለሱላት። ፍቅሩ የሳቸው ነበር፤ ሐቁ ግን የሌሎች ነበርና በፈቃድ አስመለሱት። የእናታችንም ጥያቄ መልስ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ቤት መልቀቅን በተመለከተም ከሂጅራ የበለጠ ምሳሌ የለንም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከመካ ሲወጡ ወደ ከተማይቱ ዞረው ከአላህ ምድር ሁሉ እርሷን እንደሚወዱ፣ ባያስወጧቸው ኖሮ እንደማይወጡ ተናግረዋል። ቲርሚዚ ዘግበውታል። ያን ሌሊት ሊገድሏቸው ቤታቸውን የከበቡት ሰዎች ወገኖች ደግሞ ዕቃቸውን በአደራ ያስቀምጡ የነበረው እርሳቸው ዘንድ ነበር። ስለዚህ ዓሊን (ረ.ዐ) ወደኋላ አስቀሩት። ዓሊ ሦስት ቀን ቆይቶ አደራውን ለየባለቤቱ መልሶ ከዚያ ተከተላቸው። ቤት ስንለቅ «ምን ልደብቅ?» ከማለታችን በፊት «በእጄ ያለው የሰው ዕቃ የትኛው ነው?» ማለት ያለብን ለዚህ ነው። የጎረቤት ምጣድ፣ የዕድር ድንኳን ካስማ፣ የተከራየንበት ቤት ቁልፍ፣ የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ላይ ያለው ስማችን፣ እነዚህ ሁሉ አደራ ናቸው።

መካ ከተከፈተች በኋላ የት እንደሚያርፉ ሲጠየቁ፣ ዓቂል ቤት ትቶልናል ወይ ብለው መለሱ። የአቡ ጧሊብን ቤቶች የወረሰው ዓቂል ነበር። ያን ቀን ከተማይቱ በእጃቸው ናት። ሆኖም ከቤት ሰው አላስወጡም። ድንኳን አስተከሉ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ። በሱረቱል ካህፍ ሙሳ (ዐ.ሰ) ከኸዲር ጋር ሲጓዙ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ አገኙ። ኸዲርም አቀናው። የከተማው ሰዎች ምግብ እንኳ ነፍገዋቸው ስለነበር ሙሳ (ዐ.ሰ) ለምን ዋጋ አልተቀበልክም አሉት። ኋላ ምሥጢሩ ተገለጠ። ግድግዳው የሁለት የቲሞች ነበር። ከሥሩ የነርሱ የሆነ ድልብ ነበር። አባታቸው ደግ ሰው ነበርና አላህ ልጆቹ ለአካለ መጠን ደርሰው እስኪያወጡት ድረስ ሊጠብቅላቸው ሻ።

ይህን አንቀጽ ይዘው «ደግ ከሆንኩ አላህ ይጠብቅልኛል» ብለው ገንዘብ የሚቀብሩ ሰዎች አሉ። አላህ መጠበቁ እውነት ነው። ነገር ግን በየሰዉ ግድግዳ ኸዲር አይመጣም። እኛ የታዘዝነው በሌላ ነገር ነው። ቡኻሪና ሙስሊም ከኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ፣ ሊናዘዝበት የሚገባው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ከእርሱ ዘንድ ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደሌለበት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ኢብኑ ዑመር ይህን ከሰሙ ወዲህ አንድ ሌሊት እንኳ ያለ ኑዛዜ አላደሩም። ስንት ቤት ነው አባወራው በድንገት ሲሞት ሚስትና ልጆች ወለል ሲቆፍሩ የሚከርሙት? ከዚያም ወንድም ወንድሙን «አንተ አውጥተኸው ይሆናል» ብሎ መጠርጠር ይጀምራል። ከገንዘቡ ይልቅ ጥርጣሬው ነው ቤት የሚያፈርሰው።

በኛ አካባቢ ደግሞ መሬት ራሷ አደራ አትጠብቅም። ምስጡን ታውቁታላችሁ። ሳጥን የበላ ምስጥ የብር ኖት አያልፍም። ባሮ ሲሞላ የሚሆነውንም ታውቃላችሁ። ከምስጥና ከጎርፍ የተረፈውን ደግሞ ጊዜ ይበላዋል። በመስከረም 2013 ዓ.ም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ከዚያ በኋላ በፍራሽ ሥርና በግድግዳ ቀዳዳ የተገኘ አሮጌ ብር ወረቀት ሆኖ ቀረ። ወገኖቻችን ለረጅም ጊዜ ገንዘብ ቤት ያስቀምጡ የነበረው ወለድን ፈርተው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ፍርሃቱም የሚመሰገን ነው። ዛሬ ግን ከወለድ ነፃ አገልግሎት በብዙ ባንኮች አለ። ዘምዘም ባንክም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ በ2013 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል። ምክንያቱ ከተነሳ መቅበሩ ለምን ይቀጥላል?

ሌላው ወገን በሰው ቤት ዕቃ ያገኘው ነው። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ድንቅ ታሪክ አለ። ከኛ በፊት ከነበሩት ሕዝቦች አንድ ሰው ከሌላው መሬት ገዛ። በመሬቱ ውስጥ ወርቅ የተሞላ እንስራ አገኘ። ወደ ሻጩ ሄዶ ወርቅህን ውሰድ፣ እኔ የገዛሁት መሬት እንጂ ወርቅ አይደለም አለው። ሻጩም መሬቱን ከነውስጡ ነው የሸጥኩልህ ብሎ እምቢ አለ። አንዱ አልወስድም፣ ሌላው አልቀበልም ብለው ዳኛ ፊት ቀረቡ። ዳኛውም ልጆች አሏችሁ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዱ ወንድ፣ ሌላው ሴት ልጅ ነበራቸው። አጋቧቸው፣ ከወርቁም ለነርሱ አውጡ፣ ሰደቃም ስጡ ብሎ ፈረደ። የኛ ዘመን ችሎቶች የሚጨናነቁት በተቃራኒው ክርክር ነው።

በፊቅህ መጻሕፍት የተገለጸው እንዲህ ነው። ቤት ሲሸጥ ከቤቱ ጋር የተያያዘው፣ ማለትም በሩ፣ መስኮቱ፣ የተመታው መደርደሪያ ለገዢው ይሄዳል። ተቀብሮ ወይም ተደብቆ የቆየ ዕቃ ግን በሽያጩ አይገባም። ተከራይማ ጭራሽ መብት የለውም። ዕቃው ከእስልምና በፊት የነበሩ ሰዎች የቀበሩት መሆኑ ምልክት ካለበት ሪካዝ ይባላል፤ አንድ አምስተኛው ይወጣበታል። የቅርብ ዘመን ሰው ንብረት ከሆነ ግን ጠፍቶ የተገኘ ዕቃ ነው። ዘይድ ኢብኑ ኻሊድ (ረ.ዐ) ባስተላለፈው ሐዲስ መሠረት ከረጢቱንና ማሰሪያውን በደንብ ይለያል፤ አንድ ዓመት ያሳውቃል። ከዚያ በኋላ ሊጠቀምበት ይችላል፤ ባለቤቱ አንድ ቀን ከመጣ ግን ይከፍለዋል። ማርትሬዛ ያገኘ ሰው «1780 ተጽፎበታል፣ የጥንት ነው» ብሎ ሪካዝ እንዳያደርገው። በዚያው ዓመተ ምሕረት ለዘመናት ሲቀረጽ የኖረ ገንዘብ ነው። አያቶቻችን ተገበያይተውበታል።

ሆን ተብሎ የሚተው ነገርስ? በር መቃን ውስጥ የተወሸቀ ሒርዝ ካለ ስትለቁ ብቻ ሳይሆን ዛሬውኑ አውጡት። የቁርኣን አንቀጽ የተጻፈበት ወረቀት ግድግዳ ውስጥ አይቀር፤ ቤቱ ሲፈርስ ይረገጣል። የሕፃን እትብት መቅበር ንጽሕና ነው፤ «እትብቴ የተቀበረበት» ማለትም የቋንቋችን ለዛ ነው። የልጁ ዕድል ከእትብቱ ጋር ታስሯል ማለት ግን መሠረት የለውም። ልጆች ስማቸውን በግድግዳ ጥግ ቢጽፉ፣ ወይም ለሚመጣው ተከራይ «ውኃው በሌሊት ነው የሚመጣው» የሚል ማስታወሻ ቢተዉ የሚከለክል አላውቅም። እንዲያውም ሁለተኛው ሰደቃ ነው።

ወደ እናታችን ልመለስ። እናቴ፣ መጀመሪያ ድሪው የርስዎ ብቻ መሆኑን ይለዩ። እናትዎ በሕይወት ሳሉ ሰጥተውዎት ከተረከቡት የርስዎ ነው። ከሞቱ በኋላ ያነሱት ከሆነ ግን ውርስ ነው፤ ወንድሞችዎና እህቶችዎ፣ ከሞቱም ወራሾቻቸው፣ ድርሻ አላቸው። ሳይናገሩ ቢሞቱ የሚጠየቁበት ይህ ነው። ዛሬውኑ ሁለት ታማኝ ምስክሮች ባሉበት ያጽፉት።

ዘካውን በተመለከተ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። የብር ኒሳብ ሁለት መቶ ዲርሃም፣ በዛሬ ሚዛን 595 ግራም ገደማ ነው። አንድ ማርትሬዛ 28 ግራም ቢመዝንም ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከምናምን ነው። አሥራ አራቱ ወደ 328 ግራም ይሆናሉ። ድሪው ለማጌጫ የሚለበስ በመሆኑ በሻፊዒ መዝሀብ ዘካ የለበትም። ሐነፊዎች ይቆጥሩታል፤ ቢቆጠር እንኳ ኒሳብ ለመሙላት 267 ግራም ንጹሕ ብር ይጎድላል። ያን ያህል የሚመዝን ድሪ ካልሆነና ሌላ ተቀማጭ ከሌለዎት ዘካ የለብዎትም፤ በዚህ እንቅልፍ አይጡ።

ልጅዎ ሄዶ ሊያወጣው ከፈለገ በቀን ይሂድ፤ በሌሊት ቆፍሮ ሌባ እንዳይባል። የቀበሌውን ሽማግሌዎች ይዞ የቤቱን ሰዎች ያስፈቅድ። ምልክቱን ይንገራቸው፦ የጨርቁን ቀለም፣ የማርትሬዛውን ቁጥር፣ ከጎታው ጀርባ መሆኑን። ግድግዳው የሚፈርስ ከሆነ መልሶ የሚመርግበትን ወጪ ይቻል። ካልተገኘ ነዋሪዎቹን አይጠርጥር፤ ከርስዎ በኋላ በዚያ ቤት ማን ማን እንደገባ የሚያውቅ የለም። «አዎ፣ ያኔ አግኝተን በችግራችን ቀን ሸጥነው» ካሉት ዋጋው የርስዎ ሐቅ ነው፤ ሊጠይቁ ይችላሉ። ድሆች ከሆኑ ጊዜ መስጠት ግዴታዎ ነው። ይቅር ማለት ደግሞ ለርስዎ የተተወ ነው። ውርስ ከሆነ ግን ይቅር ማለት የሚችሉት በራስዎ ድርሻ ብቻ ነው፤ ወንድሞችዎን ያማክሩ።