ሐሳብን መልቀቅና የአንጎላችን ለውጥ



ሶላት ላይ ቆማችሁ ልባችሁ ሱቅ፣ ዕዳ፣ የልጅ ጉዳይ ዘንድ ሲሄድ ታገኙታላችሁ። «የኔ ልብ አይሰበሰብም፤ ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥም ከመካከላችን አይጠፋም። ንግግሬ ለእርሱ ነው።

የአዋቂ ሰው አንጎል አይለወጥም ይባል ነበር። የለንደን ታክሲ ነጂዎች ግን ፈቃድ ለማግኘት 25,000 ያህል መንገዶችን በቃላቸው ያጠናሉ፤ ይህም 3 ወይም 4 ዓመት ይፈጃል። ኤሊኖር ማጓየር የተባሉት ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር የነጂዎቹን አንጎል በኤም.አር.አይ. መርምረው፣ ሂፖካምፐስ የሚባለው የማስታወሻ ክፍል የኋላው በኩል ከሌላው ሰው ሰፍቶ እንዳገኙት በ2000 እ.ኤ.አ. ጻፉ። በ2011 ደግሞ ተማሪዎችን ከጅምሩ ተከታትለው፣ ለውጡ የታየው አጥንተው ፈተናውን ባለፉት ላይ ብቻ መሆኑን አሳዩ። ድግግሞሽ አንጎልን ይቀርጻል ማለት ነው።

በጸጥታ ተቀምጦ ትንፋሽን መከታተልና የመጣውን ሐሳብ ሳይታገሉ መልቀቅስ? በአሜሪካ ጆን ካባት ዚን በ1979 እንዲህ ያለ ሥልጠና ጀመሩ። በ2011 የታተመ፣ ሠልጣኞቹ 16 ብቻ የነበሩበት ጥናት ሂፖካምፐስ ላይ ለውጥ ታየ አለ፤ ወሬውም ዓለምን አዳረሰ። በ2022 ግን በዊስኮንሲን ከ200 በላይ ሰዎች የተካፈሉበት ጥናት ከ8 ሳምንት በኋላ በአንጎል ቅርጽ ላይ እንዲህ ያለ ለውጥ አላገኘም። እንግዲህ «በሁለት ወር አንጎልህ ይታደሳል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁን አትስሙት። የታክሲ ነጂዎቹን ዓመታት አስቡ!

(ዚክር ዒባዳ ነው፤ የአንጎል ስፖርት አድርጌ አላቀርበውም።)

ሐሳብን መልቀቅ ራስን ባዶ ማድረግ አይደለም። ዕዳው ትዝ ሲላችሁ «አስታወስኩት» ብላችሁ ትመለሳላችሁ፤ አትገፉትም፣ አትከተሉትምም። የተገፋ ሐሳብ ብሶበት ይመለሳልና። መቶ ጊዜ ብትሄዱ መቶ ጊዜ መመለሱ ራሱ ነው ልምምዱ። መሄዳችሁን ያወቃችሁባት ቅጽበት ውድቀት አይደለችም።

ከሱብሒ በኋላ፣ ስልካችሁን ከመክፈታችሁ በፊት፣ አሥር ደቂቃ ተቀመጡ። ጭንቀቱ እንቅልፍ የነሳው ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የታዘዘለትንም መድኃኒት በዚህ ምክንያት አያቋርጥ።