«ዕጢ አለብዎት» ከማለታችን በፊት



ጊዜው አጭር ስለሆነ በአንዲት ታካሚዬ ልጀምር። የ68 ዓመት እናት ናቸው። ያዞረኛል ብለው የጭንቅላት ኤምአርአይ ተነሡ። ለማዞሩ ምክንያት የሚሆን ነገር አልታየም፤ ፒቱታሪ ላይ ግን 4 ሚሊሜትር የምታህል ነገር ተገኘች። ውጤቱን ያነበበላቸው ሰው «ጭንቅላትዎ ውስጥ ዕጢ አለ» አላቸው። እኔ ጋ ሲመጡ ልጆቻቸው ቤቱን ሸጠው ባንኮክ ሊወስዷቸው ደላላ አነጋግረው ነበር።

በእኛ ቋንቋ ዕጢ የምንለው የተፈጥሮውንም፣ የበቀለውንም ነው። «ፒቱታሪ ራሱ ዕጢ ነው፤ እኔም አለኝ» ስላቸው «ውይ ልጄን፣ አንቺንም?» ብለው አለቀሱልኝ።

በሌላ ምክንያት የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር ከአሥሩ በአንዱ ገደማ ፒቱታሪ ላይ እንዲህ ያለ እባጭ ይገኛል። ባለቤቱ ሳያውቀው ኖሮበታል ማለት ነው። ካንሰር የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ከ10 ሚሊሜትር በታች ያሉት ደግሞ አብዛኞቹ አያድጉም።

ታዲያ «አይዞዎት» ብለን እንሸኝ? እኔ አድርጌዋለሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የታክሲ ሾፌር ለራስ ምታት በተነሣው ፊልም ላይ ከ2 ሴንቲሜትር የሚበልጥ እባጭ ታየ። «ካንሰር አይመስልም» ብዬ ደስ አሰኝቼ ሸኘሁት። በስምንተኛው ወር ሲመለስ የግራም የቀኝም ስፖኪዮ ገጭቶ ሰብሯል። እባጩ የዓይን ነርቮች የሚሻገሩበትን ቦታ ከሥር ተጭኖ በሁለቱም በኩል የጎን እይታውን ወስዶበታል። ያኔ ጣቶቼን ግራና ቀኝ ዘርግቼ «ስንት ነው?» ብለው ኖሮ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። በአፍንጫ በኩል በቀዶ ሕክምና ወጣለት፤ እይታው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ሹፍርናውን ተወ።

አሁን መጠኑ ምንም ይሁን ምን ሆርሞኑን ሳላይ አልሸኝም፤ ቢያንስ ፕሮላክቲንና አይጂኤፍ 1። ቀለበት ጠቧቸው፣ የጫማ ቁጥራቸው ጨምሮ እንደሆነ፣ የወር አበባ ቀርቶ፣ ሳይወልዱ ጡት ወተት አውጥቶ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ፕሮላክቲን አመንጪ ከሆነ እኮ ብዙውን ጊዜ በኪኒን ይቀንሳል፤ ቢላ አያስፈልገውም! 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ኤምአርአዩን በስድስት ወር፣ ትንሹን በዓመቱ እደግማለሁ። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከማስመለስና ከእይታ መደብዘዝ ጋር ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲሄዱ ለቤተሰቡም ጭምር እናገራለሁ።

እኚያ እናት ሆርሞናቸው ደህና ነበር። በዓመቱ ሲመጡ ያቺ ነገር ያው 4 ሚሊሜትር ናት፤ ቤቱም አልተሸጠም። ድፎ ዳቦ ይዘውልኝ መጥተው፣ ገና ሳይቀመጡ «ያንቺዋስ ዕጢ ደህና ናት?» አሉኝ።