ሽታው የማን ነው?

ዛሬ የማወጋችሁ መኪና እየነዳችሁ ድንገት አፍንጫችሁን ስለሚመታው የቃጠሎ ሽታ ነው።

አብዛኛው ሰው መጀመሪያ መስኮቱን ይዘጋል። «ከፊት ያለው አይሱዙ ነው» ይላል። አንዳንዴም ልክ ነው። የአይሱዙው ሽታ ግን አይሱዙው ሲርቅ አብሮት ይርቃል። እሱ ታጥፎ ሄዶ ሽታው ከእናንተ ጋር ከቀረ የእናንተው ነውና ዳር ይዛችሁ ቁሙ። «መኪናዋ አርጅታለች፣ ያው ትሸታለች» የሚለውን አነጋገር እኔ አልቀበለውም። ያረጀችም ብትሆን ጤነኛ መኪና አትሸትም።

በዕድሜ በገፉት መኪኖቻችን ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው የሞተር ዘይት ነው። በሞተሩ የላይኛ ክዳንና በቴስታታው መካከል ያለው ጎማ ጓርኒሲዮን በሙቀት ብዛት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ዘይቱ በጠብታ ይወጣና በመቶዎች ዲግሪ በጋለው የጭስ ማውጫ ብረት ላይ ያርፋል፤ እዚያው ይጨሳል። መኪናዋ ስትሄድ ነፋሱ ጭሱን ይዞት ይሄዳል። የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ ግን ጭሱ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ሽታው ቆማችሁ የሚብስ ከሆነ እንግዲህ መጀመሪያ ይህንን ጠርጥሩ። ዘይት በተቀየረ ማግስት የሚሸት ከሆነ ግን ሲሞላ የፈሰሰው እየተቃጠለ ሊሆን ይችላል፤ እሱ በቶሎ ይጠፋል።

ጎበዝ መካኒክ እዚህ ላይ ቁልፍ ለማንሳት አይቸኩልም። ሞተሩ ሲበርድ የኤሌክትሪክ ክፍሎቹን በፌስታል ሸፍኖ ያጥበዋል፣ ያደርቀዋል፣ ከዚያ አስነስቶ ለጥቂት ጊዜ እንዲሠራ ይተወዋል። ቀጥሎ ባትሪ አብርቶ ያያል። አዲስ የወጣ ዘይት ያብረቀርቃል። ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፣ ነፋስ ደግሞ ወደ ኋላ ይገፋዋል፤ ስለዚህ ምንጩ ከረጠቡት ቦታዎች ሁሉ ከፍ ያለው ነው። ይህን ሳያይ የታችኛውን እርጥበት ብቻ ተከትሎ ካምቢዮ የሚያስወርድ ሰው ብዙ ብር ያወጣል፤ ዘይቱ ግን ከላይ መውረዱን አያቆምም።

ጥገናውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። አሮጌው ጓርኒሲዮን ተነሥቶ ሁለቱም ገጽ በደንብ ይጸዳል፤ አዲሱ ይገባል፤ ብሎኖቹም ከመሃል ወደ ዳር ተራ በተራ፣ ሳይበዛ ይጠበቃሉ። በአሮጌው ላይ ሲሊኮን ለጥፎ መሸኘት ጥገና አይደለም። ትርፉ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ወድቆ የዘይት መምጠጫውን ሊደፍን ይችላል፤ ያኔ ሞተሩ ያለ ዘይት ይሠራና ይነክሳል።

ሽታው ጣፋጭ ከሆነ፣ የራዲያተር ኩላንት እየወጣ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች፣ ውሃ እዚህ ክፍት ድስት ውስጥ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ራዲያተሩ ውስጥ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ግፊቱን የሚይዘው ክዳን ነው። የክዳኑ ላስቲክ ከተበላ መለወጥ ነው፤ ርካሽ ዕቃ ነው። ሞተሩ እንደጋለ ግን ክዳኑን ለመክፈት አትሞክሩ። ፊትና እጁ የተቃጠለ ሾፌር ብዙ ነው።

የተቃጠለ ጎማ ከሸተተና ጩኸት ካለበት ቺንጋው ይታይ፤ ላልቶ እየተንሸራተተ ይሆናል፤ ወይም የዲናሞው ኩሽኔታ ተይዟል። አንዳንዴ ደግሞ ከመንገድ የተነሣ ፌስታል ማርሚታው ላይ ተጣብቆ ይገኛል።

ከሞተሩ የመጣ የሚመስል፣ ግን ያልሆነም አለ። በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ መኪናዋን በግማሽ ፍሪሲዮን ዳገት ላይ ይዞ የሚቆም ሾፌር ፍሪሲዮኑን እያቃጠለ ነው፤ በእጅ ፍሬን ይያዛት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይጠብቀዋል። ፍሬን ረግጦ ብቻ ከወረደ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም መያዝ ያቅተዋል። ከባዱን ማርሽ ገና ከላይ ያስገባ። ከሸተተውም ቆሞ በራሱ ጊዜ እንዲበርድ ይጠብቅ፤ የጋለ ታምቡር ላይ ውሃ ቢደፋበት ይሰነጠቃል።

ከሁሉም የምፈራው የፕላስቲክ ሽታ ነው። ሽቦ እየነደደ ሊሆን ይችላል። ሞተሩን አጥፉ፤ ጭስ ከሌለ በ10 ቁጥር ቁልፍ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍቱ። ፊውዝ የሚቃጠለው ሽቦውን ለማዳን ነው፤ በቦታው ሽቦ ወይም ከፍ ያለ ፊውዝ የሚያስገባ ሰው እሳቱን ወደ መኪናዋ ውስጥ እየጋበዘ ነው። ከኮፈኑ ሥር ጭስ ሲወጣ ካያችሁም ኮፈኑን ወለል አድርጋችሁ አትክፈቱት፤ አየር ሲያገኝ እሳቱ ይነሣል። ሰው ሁሉ ይውረድ፣ ይራቅም።

ጋራዥ ስትገቡ «ሸተተኝ» ብላችሁ አታብቁ። ጠዋት ሲነሣ ነው? ዳገት ላይ ነው? ስትቆሙ ነው? ለመካኒኩ ንገሩት። ወደ ሶማሌ ተራ ዕቃ ልትገዙ ከመሄዳችሁ በፊትም ምንጩን በዓይናችሁ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።